ከፈረንጁ ድምፅ ሥር

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ነው። ለሰው ሳወራው «እንዲህም አለ እንዴ!» ብለው ያልፉታል እንጂ ክብደቱን ማስረዳት አልችልም። ያን ቀን ማንም አልሞተም፤ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለን ፊልም ነበር የምናየው። ከሆዴ ግን አልወጣ ብሎኛል፤ እስቲ ልጻፈውና ይቅለለኝ ብዬ ነው።

የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር ነው። የምሠራው ላብራቶሪ ውስጥ ሲሆን አንድ ክፉ ሱስ አለብኝ፤ ዘጋቢ ፊልም። ሰው በቱርክ ድራማ ሲያለቅስ እኔ ስለ ጉንዳን፣ ስለ ድልድይ ሥራ፣ በረሃ አቋርጠው ጨው ስለሚያጓጉዙ ግመሎች ሳይ አመሻለሁ። ማየቱ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። እኔ ያየሁትን ሌላው ካላየው ግን እንቅልፍ አይወስደኝም። ፍላሽ ከቦርሳዬ አይጠፋም። ሥራ ቦታ ገና «አንድ ፊልም አለ…» ስል ሰዉ «እሺ እናየዋለን» እያለ ይበተናል። ስለ ጉንዳን የሚያወራውን የሰጠኋት ባልደረባዬ ስኳር ዕቃዋ ውስጥ የገቡትን ጉንዳኖች መግደል አሳዝኗት፣ ስኳሩን ከነጉንዳኑ አውጥታ ደጅ አስቀመጠችው። እስካሁን ትረግመኛለች። ባለቤቴ ደግሞ «አንቺ እኮ ሰባኪ ነሽ፤ የቀረሽ መስቀል መያዝ ነው» ይለኛል።

እትዬ አንጓች የባለቤቴ አክስት ናቸው። እናቱ ስትሞትበት ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። የሚኖሩት ከኮሶዬ ወዲያ ባለች መንደር ነው። ከገበያ ሲመለሱ ቁልቁለት ላይ አዳልጧቸው እግራቸው ተሰበረና፣ ጄሶ ታስሮላቸው እስኪፈታ ድረስ እኛ ቤት ሰነበቱ።

ሥራ ለለመደ ሰው መቀመጥ ራሱ በሽታ ነው። ምስር ይለቅማሉ፣ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ሥራው ሲያልቅባቸው ይቆጣሉ። ባለቤቴ የቱርክ ድራማ ከፈተላቸው። ጥቂት አዩና «እነዚህ ሰዎች ሥራ የላቸውም? እንዲህ ሲጣሉ ከዋሉ ማን ያርስላቸዋል?» አሉ። እኔ ይህን ቃል ስጠብቅ ነበር። እግሩ በጄሶ የታሰረ፣ አምልጦኝ የማይሄድ ተመልካች በሕይወቴ አግኝቼ አላውቅም።

ከሁሉ አብልጬ የምወደውን መረጥኩላቸው። ፈረንጆች ስለ ሰሜን ተራሮችና ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ የሠሩት ነው። ደጋግሜ አይቼዋለሁ፤ ለስንቱ ሰው ሰጥቼዋለሁ። ባለቤቴ ብቻ «ዝንጀሮማ አገሬ እያየሁ ነው ያደግኩት» ብሎ አንድም ቀን አላየውም። የራሳቸውን አገር በቴሌቪዥን ሲያዩ ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን ለማየት ቸኮልኩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ባለቤቴ ለቅሶ ቤት ሄዷል። እትዬ አንጓች ገደሉን ሲያዩ «ሸጋ አድርገው አንሥተውታል» አሉ። ዝንጀሮዎቹ ሲበዙባቸው ግን «ምነው፣ በዚህ አገር ሰው የለም እንዴ? ባሕር ተሻግረው የመጡት ዝንጀሮ ሊያዩ ነው?» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። «ቆይ እትዬ፣ ሰውም ይመጣል» አልኳቸው።

ሰው መጣ። አንድ ወጣት ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ የገብስ ማሳ ዳር ቆሟል። አጠገቡ አንድ ሽማግሌ አሉ። ወጣቱ ማውራት ጀመረ።

እትዬ አንጓች ተነሡ። በዚያ በጄሶ እግራቸው ብድግ አሉ። የያዙት የቡና ፍንጃል ተገልብጦ ጄሶው ላይ ፈሰሰ። «ማሩ!» አሉ። «ማሩ! ማሩዬ!»

ማሩ ልጃቸው ነው። እኔ አላውቀውም፤ ወደዚህ ቤተሰብ የገባሁት እሱ ካለፈ በኋላ ነው። ሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ፣ ወባ ይዞት እዚያው ሞተ፣ እዚያው ተቀበረ። ሬሳው አልመጣም። አገር ቤት ልብሱን ዘርግተው ነው ያለቀሱት። ፎቶ እንኳ አልነበራቸውም፤ ያለችው አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ኪሱ ውስጥ ሆና አብራው ቀርታለች። ይህን ሁሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ያንን ልጅም ፊልሙን በከፈትኩ ቁጥር አይቼዋለሁ። ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸውን ግን በምን ልወቅ?

ደግፌ አስቀመጥኳቸውና ወደ ኋላ መለስኩላቸው። ደግመው አዩት። ገና ሳይጠግቡት መብራት ሄደ። እትዬ አንጓች ከጠቆረው ቴሌቪዥን ላይ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ «አይመለስም?» አሉኝ። «ይመለሳል እትዬ፣ መብራት ነው» አልኩ። መብራቱ እስኪመጣ ከዚያች ወንበር አልተነሡም።

ሲመጣ እንደገና ከፈትኩ። መጀመሪያ ፊቱን ብቻ ነበር የሚያዩት። ቀጥሎ «ድምፁን ልስማው» አሉ። እኔ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

ዘጋቢ ፊልም የሚያይ ሰው ያውቀዋል። ባለአገሩ አፉን ይከፍታል፣ አንድ ቃል ይሰማል፣ ከዚያ የአስተርጓሚው እንግሊዝኛ መጥቶ ይደፈጥጠዋል። ማሩ «እንግዲህ እኛ…» ይላል። ከዚያ ፈረንጁ ነው። የማሩ ድምፅ ከሥር እንደ ጉርምርምታ ይሰማል፤ አፉ ይንቀሳቀሳል፣ መጨረሻ ላይ ይሥቃል፣ አለቀ።

«እንግዲህ!» አሉ እትዬ አንጓች፣ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው። «አዎ፣ 'እንግዲህ' ሳይል ነገር አይጀምርም ነበር። እኔ እኮ ድምፁ ጠፍቶብኝ ነበር፤ ሌሊት አስታውሳለሁ ብዬ እታገልና እምቢ ይለኛል። በይ ቀጥዪው፤ የፈረንጁን ቀንሺልኝ።»

ቀነስኩ። ሁለቱም አብረው ቀነሱ።

«የፈረንጁን ነው ያልኩሽ፤ የማሩን ተዪው።»

«እትዬ፣ ለብቻው አይቀነስም።»

ቀና ብለው አዩኝ። ቴሌቪዥኑን፣ ኮምፒውተሩን፣ ስልኩን፣ ሁሉን አዋቂ የምመስለው እኔ ነበርኩ በዚያ ቤት። እምቢ ያልኳቸው ነው የመሰላቸው።

«እሺ፣ ፈረንጁ ምን ይላል? እሱ የሚለው የማሩን ቃል አይደል?»

እየሰማሁ ተረጎምኩላቸው። «እነዚህ እንስሳት ከእኛ በፊት እዚህ ነበሩ። ተራራውን ከእነሱ ጋር ተካፍለን መኖርን ተምረናል።»

እትዬ አንጓች ፊታቸው ተለወጠ። «ማሩ? ማሩ እንዲህ አላለም! ጭላዳ ደመኛው ነበር። ገብሱን እየነቀሉ ሲጨርሱበት በወንጭፍ ሲያባርር ነው የሚውል። ተካፍለን? ማን ነው ያካፈላቸው?» ሳቅ ሊመጣባቸው ሆነና እንባ መጣ። «ልጄ ሌላ ነገር ነው ያለው። እስቲ አፉን እዪው፤ እየቀለደ እኮ ነው!»

ባለቤቴ ሲመለስ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ። የአክስቱን ልጅ አይቶ እሱም እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሁለቱ ሲላቀሱ እኔ ሪሞቱን ይዤ መሐላቸው ተቀምጫለሁ፤ ያመጣሁትን ነገር መመለስ አልችል፣ መጨረስ አልችል።

ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሥራ ያ ድምፅ ሆነ። ፒያሳ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ወዳጅ አለን፤ ለእሱ ወሰድነው። «አንዴ ተቀላቅሏል እኮ፤ ወጥ ውስጥ የገባን ጨው አውጣ እንደ ማለት ነው» አለ። ቢሆንም ደግ ሰው ነው፤ ድምፅ ይለያል የሚባል አዲስ ፕሮግራም አምጥቶ ሞከረልን። ፈረንጁ በእርግጥ ሳሳ። ከሥሩ የወጣው ግን ቃሉ የማይለይ፣ የሚንቦጫረቅ ነገር ነው። እትዬ አንጓች ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ሰሙ። ቶሎም መለሱልኝ።

«ይሄ ውሃ የወሰደው ሰው ነው» አሉ። «ልጄ በውሃ አልሞተም። አጥፉልኝ።»

ለፊልሙ ሠሪዎች በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። ያለኝን ቋንቋ ሁሉ አፈሰስኩበት፤ እናቱ ነች፣ ሌላ ምንም የላትም፣ ያልተነካው ቅጂ ካለ እባካችሁ አልኩ። ወዲያው መልስ መጣ፤ ቸኩዬ ከፈትኩት። «መልእክትዎ ደርሶናል» ይላል፤ ማሽኑ ነው የላከው። ሌላ አልመጣም። ደግሜ ብጽፍም ያው ነው።

«መለሱ?» ይሉኛል እትዬ አንጓች።

«ደርሶናል ብለዋል።»

«ደርሷቸውስ ምን አሉ?»

«ደርሶናል ነው ያሉት፣ እትዬ።»

ተስፋ ያደረግንበት አንድ ሰው ነበር። ፊልሙ ላይ ከማሩ አጠገብ የቆሙት ሽማግሌ ጎረቤታቸው አያ ዘውዱ ናቸው። ጎንደር ጉዳይ ገጥሟቸው መጡና በዚያው በሽተኛ ሊጠይቁ ጎራ አሉ። ፊልሙን ከፈትንላቸው። መጀመሪያ ራሳቸውን አይተው «ምነው እንዲህ አሳጠሩኝ?» አሉ። ማሩ ሲመጣ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«አያ ዘውዱ፣ አጠገቡ ነበርክ» አሉ እትዬ አንጓች። «ምን ነበር ያለው?»

አያ ዘውዱ ለረጅም ጊዜ ቴሌቪዥኑን አዩ። አለማስታወሳቸው ከፊታቸው ይነበባል። ለዓመታት ስንት ወሬ አልፏል፤ ማን ያስታውሳል? ኋላ ግን ጆሯቸውን እያሻሹ «ስላንቺ ነበር እኮ» አሉ። «'እንግዲህ እኛ ያለ እናታችን ማን አለን' ነበር ያላቸው። 'እሷ ናት ያቆመችን' አለ። በደንብ ነው የማስታውሰው።»

እኔ እንግሊዝኛውን አውቀዋለሁ፤ ተራራ አለበት፣ እንስሳት አሉበት፣ እናት የሚባል ነገር የለበትም። አንገቴን ደፋሁ። እትዬ አንጓች ግን «እግዜር ይስጥልኝ አያ ዘውዱ፣ ዕድሜ ይስጥህ» ብለው መረቋቸው፤ ጠላ አስቀዱላቸው፤ እስከ በር ድረስ በዓይናቸው ሸኟቸው።

በሩ ሲዘጋ «ደግ ሰው ነው» አሉኝ። «ከልጅነታችን ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሲዋሽ ጆሮውን ያሻል።»

 

ጄሶው ተፈትቶ አገራቸው ገቡ። ባለቤቴ ያቺን ቁራጭ ቆርጦ ለጎረቤት ልጅ ስልክ ላከላቸው፤ መንደሩ ሁሉ እየመጣ አየ አሉ። ነገሩ እዚህ ላይ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ሥራ ቦታ ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ሳስብ አደርኩ። ያ በማሩ ላይ የሚናገረው ፈረንጅ…»

«እሺ እትዬ።»

«የማሩን ቃል ለመናገር መጀመሪያ ማሩን መስማት አለበት አይደል? ሳይሰማ ምን ብሎ ይናገራል?»

ስልኩን ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁ።

«እንግዲያው ሰምቶታል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሰምቶታል። የልጄን ድምፅ ከእኔ በኋላ የሰማ እሱ ነው። ያን ሰውዬ ፈልጊልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግበት፤ ድምፁ እንዴት ያለ ነበር፣ ምን እያለ ይሥቅ ነበር ብለሽ ጠይቂልኝ።»

እኔ ፊልም እንዴት እንደሚሠራ የሚያሳይ ፊልምም አይቻለሁ፤ ያላየሁት የለም። ድምፁን የሚያውሰው ሰው አንዲት ዝግ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ተርጉሞ የጻፈለትን ከወረቀት ያነባል። ማሩን አንዲትም ቀን ሳይሰማው ሊሆን ይችላል። ይህን ልላቸው አፌን ከፈትኩ። ትንፋሻቸው በስልኩ ውስጥ ይሰማኛል።

«እፈልገዋለሁ» አልኩ።

ፈለግኩ ደግሞ። ፊልሙ ሲያልቅ የሚያልፉትን ስሞች እያቆምኩ አነበብኩ። ስም በስም ነው፤ የትኛው የማሩን ቃል ያነበበው እንደሆነ የሚለይ ነገር የለውም።

ዘጋቢ ፊልም ማየት አልተውኩም፤ ሰው ጥሩ ፊልም ንገሪኝ ሲለኝም እናገራለሁ። ያንን ግን ለማንም አልሰጥም። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እትዬ አንጓች ይደውሉልኛል። «አገኘሽው?» ይላሉ። «እየፈለግኩ ነው» እላለሁ። እውነቱን ልንገራቸውና ይረፉ ብዬ ስነሣ፣ ማሩን ሁለተኛ የምቀብርባቸው እኔ መስዬ ይታየኛል፤ እንዳልነግራቸው ደግሞ ሳምንት ጠብቀው ነው የሚደውሉት። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ይህን ስታነቡ የምታውቁ ካላችሁ ምከሩኝ።

ዛሬ እሑድ ነው። ቅዳሴ ወጥቷል፤ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየዋለሁ።