የመሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ተመስጦ

በየማለዳው ኪዳን ሲደርስ መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል መቋሚያቸውን ከግራ ብብታቸው ሥር ይሸጉጣሉ፤ ነጠላቸውን እስከ ቅንድባቸው ይስቡና ግንባራቸውን ከዓምዱ አስደግፈው እንቅልፋቸውን ይተኛሉ። ቆሞ መተኛት ከዜማ ጋር አብረው የተማሩት፣ ከዜማውም ይልቅ የቀናቸው ሙያ ነው።

አንድ የልደታ ቀን የጧፍ ሰም እጃቸው ላይ ሲንጠባጠብ ንቅንቅ አላሉም። ከዚያ ወዲህ ከአሸተን ተራራ ማዶ ባለችው ትንሽ ደብር ሰው ሁሉ «ተመስጦ ነው» ይላል፤ ትከሻቸውን ይሳለማል። መሪጌታ መጀመሪያ ሳቁ። ኋላ ግን ለመዱት። ይባስ ብለው እንቅልፍ እምቢ ባላቸው ቀን እንኳ የተመሰጡ ለመምሰል የተኙ መስለው ይቆማሉ።

«ዛሬስ ስንተኛው ሰማይ ደረሱ?» ትላቸዋለች ሚስታቸው ባንችይርጋ። «ማንኮራፋትዎ እንደሁ እዚህ ይሰማል።»

በሺህ ዘጠኝ መቶ ዘጠና ስምንት ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ከኪዳን ሲወጡ ይማርሽ ደጀ ሰላሙ ላይ ጠበቀቻቸው። ባሏን ደግሰውን እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያ እግሩን ከመታው ሁለት ሳምንት ሆኖታል።

«የኔታ፣ ቁስሉ ጠቆረ፤ ይሸታል። ጤና ረዳቱ ሆስፒታል ካልሄደ ይሞታል አለኝ። እሱ ግን ለየኔታ የተገለጸላቸውን ሳልሰማ አልነቃነቅም ብሏል። ዛሬ ምን ታየዎት?»

ዛሬ የታያቸው የገብስ ቆሎ ነበር፤ ገና ትኩሱን ሲዘግኑ ነው የነቁት።

«ማርያም ሂድ ብላዋለች» ቢሉ ይበቃል። ግን ነገ ደግሞ ሌላው፣ ሚስቴን ልፍታ ወይ እያለ ይመጣል። ወደ አሸተን ቀና አሉ፤ ተራራው ጉም ለብሷል፤ ምልክት የለም። ምልክት ቢመጣስ ምልክት ነው ብሎ የሚወስነው ማነው? ያው ቆሎ የሚያልመው ወልደ ሩፋኤል ነው።

«ምንም አልታየኝም። ተኝቼ ነበር።»

«አይ የኔታ፣ ትሕትናዎ!» ብላ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች።

«የለየለት እንቅልፍ ነው የምልሽ! በየቀኑ!»

ቀና ብላ አየቻቸው። «እንግዲያ ማን ሂድ አለህ ልበለው?»

«እኔ። ራሴ መጥቼ እነግረዋለሁ።»

ደግሰው ከመደቡ ላይ ሆኖ እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«የእንቅልፋም ትከሻ ነው እንዴ ስሳለም የከረምኩት?»

«አዎ። አሁን ተነሥ።»

«መንገድ ላይ ብሞትስ?»

«ያልከኝን አይደለሁም፤ ሰው ነኝ፤ ምን ዋስትና እሰጥሃለሁ?»

«ይሸከሙኛል?»

«እሸከምሃለሁ።»

ረፋድ ላይ አራት ሰዎች ደግሰውን በቃሬዛ አንሥተው ወደ መኪና መንገዱ ወረዱ፤ ከፊት በግራ በኩል የያዙት መሪጌታ ነበሩ። ሆስፒታል በገባ በሦስተኛው ቀን ሐኪሞቹ የደግሰውን እግር ከጉልበቱ በታች ቆረጡት፤ እሱም ዳነ።