ጀርም ያልተገኘበት ቃጠሎ

በደርግ ጊዜ የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሆኜ ጎባ ሆስፒታል ተመድቤ ነበር። ከጎሮ በኩል የሚመጡ አንዲት የቅቤ ነጋዴ ነበሩ፤ ሽንታቸው ያቃጥላቸዋል፣ ቶሎ ቶሎም ያጣድፋቸዋል። ናሙና ሲያመጡ በማይክሮስኮፕ አይቼ «ነጭ የደም ሴል ብዙ» ብዬ እጽፋለሁ፤ ክኒን ይታዘዝላቸዋል። ወር፣ ሁለት ወር ቆይተው ደግሞ ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ወረቀቱን ስሰጣቸው አልሄዱም።

«ልጄ፣ ውዱእ አድርጌ ሶላቴን ሳልጨርስ ይመጣብኛል። አውቶቡስ አቁሙልኝ እያልኩ ሾፌር መለመንማ፣ እፍረቱ ከሕመሙ ይብሳል።»

ያፈርኩት እኔ ነበርኩ። ነጭ ሴል ካለ ጀርም አለ ብዬ አልፍ ነበር እንጂ፣ ጀርሙን ፈልጌላቸው አላውቅም። ዘመድ ቤት እንዲያድሩ ለምኜ ሦስት ጠዋት ናሙና ወሰድኩ። ጀርም የሚያጎላ ቀለም ቀብቼ አየሁ፤ ምንም የለም። የሳንባ ነቀርሳ ጀርም ፊኛም ውስጥ ይገባልና እሱንም ፈለግሁ። የለም።

በሦስተኛው ቀን መብራት ስለጠፋ የማይክሮስኮፑን መስታወት ወደ መስኮቱ አዙሬ ስሠራ፣ ሴትዮዋ «እስቲ እኔም ልይ» አሉ። አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ሸፍነው ጎንበስ አሉ።

«እነዚህ ድቡልቡሎቹ ናቸው የሚያቃጥሉኝ?»

«የእርስዎው ናቸው እናቴ። ጀርም ሊገድሉ የሚመጡ ናቸው።»

«ታዲያ ጀርሙ የታለ?»

«አላገኘሁም።»

ቀና ሲሉ፣ «ያ ረቢ! የገዛ አካሌን ነው ስረግም የኖርኩት» አሉ።

ውጤቱን ለሐኪሙ ወሰድኩ። አንዳንዴ ጀርም ሳይኖርም ሴሎቹ ፊኛው ውስጥ ተሰብስበው እንደሚቀሩ፣ የሚረጩት ነገርም ግድግዳውን እንደሚያቆስለው ነገረኝ። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን ስጠይቀው «አናውቅም» አለኝ። ከሐኪም አፍ ይህን ቃል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ይበልጥ አመንኩት።

ሴትዮዋን አስጠርቶ ጠየቃቸው፤

«ውሃ ይጠጣሉ?»

«በገበያ ቀን? ወላሂ ጠብታ አልቀምስም!»

ሽንት እንዳይመጣባቸው ብለው ነው። ውሃ አጥቶ የወፈረው ሽንት ግን የቆሰለውን ይባስ ይለበልበው ነበር። ሐኪሙ ክኒኑን አስቆመ፤ ውሃ አዘዘላቸው፤ ቡናና በርበሬ ይቀንሱ አላቸው።

ከወራት በኋላ መጡ። አልዳኑም። ግን ከጎሮ እስከ ሮቤ ገበያ አውቶቡሱን አንዴ ብቻ አስቁመው እንደሚደርሱ ነገሩኝ፤ ሲብስባቸው ደግሞ ገበያውን ትተው ቤት ይውላሉ። ከዚያ ወዲህ ናሙና የሚያመጣልኝን ሁሉ፣ ሥራዬ ባይሆንም፣ ውሃ ትጠጣለህ ወይ፣ ትጠጫለሽ ወይ እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ።