ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ አስቀምጪ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁት ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አውሮፕላኑ ማታ ነበር፤ ግን መንገዱ አይታመንም ብሎ ባለቤቴ ተፈራ አጣደፈኝ። እናቴ በማለዳው መኪና ከአንኮበር መጥታ፣ በሶና ዳቦ ቆሎው ካልገባ አትሄጂም ብላ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጣለች። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ስለነበር ስልኬ ቻርጅ የለውም፤ ተፈራ ጎረቤት ሄዶ ፓወር ባንክ ለምኖ መጣ። ልጄ ሶስና፣ የሰባት ዓመት ልጅ፣ አላለቀሰችም። "ስድስት ወር ስንት እሑድ ነው?" ብቻ አለችኝ። ሃያ ስድስት አልኳት። በጣቷ ስትቆጥር አሥሩ አለቀባትና ተወችው። እኔ ግን ቅርቧ ጫጫ ከተማ እስክንደርስ እንኳን አልቻልኩም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ሰው እያየኝ ተንሰቀሰቅኩ።

ስድስት ወር ያልኳት ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። ጀርመኖች ፕሮበጻይት የሚሉት የሙከራ ጊዜ አለ። በስድስት ወሩ ካልጣሉሽ ቋሚ ሠራተኛ ትሆኛለሽ፤ ቋሚ ከሆንሽ ባልሽንና ልጅሽን ለማምጣት ማመልከት ትችያለሽ። የሄድኩት ለዚህ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። በሙያችሁ ለመውጣት ወረቀት የምታሟሉ ወገኖቼ፣ እንደኔ አትሳሳቱ ብዬ የሆነውን ሁሉ ሳልደብቅ እጽፍላችኋለሁ።

የደረስኩባት ከተማ ከላይፕሲሽ በባቡር አርባ ደቂቃ የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ብርዱ አላስደነገጠኝም፤ የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ አይነገረውም። ያስደነገጠኝ ጸጥታው ነው። ሰው ደረጃ ላይ ሲያገኛችሁ "ሃሎ" ይልና ያልፋል፤ እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ የለም። ገብሱን ደግሞ ለቢራ ነው የሚያውቁት። ጠይቄ ጠይቄ ያገኘሁትን ገብስ ምጣድ ላይ ቆላሁትና ጭሱን ያዩት አከራዬ ሄር ክራውዘ፣ አቶ ክራውዘ እንደማለት ነው፣ ሮጠው መጡ። እግረ መንገዳቸውን መስኮቱንም ተመለከቱ።

"ወይዘሮ ስንታየሁ፣ መስኮት አይከፍቱም እንዴ?"

"ብርድ ነው እኮ፣ ሄር ክራውዘ።"

"ብርድ ስለሆነ ነው የሚከፈተው። ጠዋት አሥር ደቂቃ፣ ማታ አሥር ደቂቃ። አለዚያ ግድግዳው ይሻግታል።"

"ማሞቂያው እንደበራ?"

"የለም! ማሞቂያውን ያጠፋሉ፣ መስኮቱን ይከፍታሉ፣ መስኮቱን ይዘጋሉ፣ ማሞቂያውን ያበራሉ። ውሉ ላይ አለ፣ አንቀጽ አሥራ አንድ።"

ዕድሜዬን ሙሉ የበር ስንጥቅ በጨርቅ ስወትፍ የኖርኩ ሰው፣ የከፈልኩበትን ሙቀት በየቀኑ ሁለት ጊዜ ወደ ውጭ እለቅ ጀመር። የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮዋ ሴትዮ ግን ከእሳቸው ትብሳለች።

"ቤተሰብ ለማምጣት ቋሚ ውል ያስፈልጋል" አለችኝ።

"ውሉን በስድስት ወር አገኛለሁ። ቀጠሮውን አሁን ልያዝ?"

"ቀጠሮ የሚሰጠው ውል ላለው ነው።"

"ውሉን ይዤ ስመጣስ ቀጠሮው መቼ ይደርሰኛል?"

"በአራት ወር ገደማ።"

"ያኔ ልጄ እኮ አንድ ዓመት ልትጨምር ነው።"

"ልጆች ያድጋሉ" አለችኝ፣ ማኅተሟን እየመታች። ክፋት የላትም፤ መልስ መስጠቷ ነው።

አሁን ወደ ሥራው ልምጣ። መሥሪያ ቤታችን የአሥራ አንድ አረጋውያን ቤቶችን ኔትወርክ ይጠብቃል። ስልኩም፣ አረጋውያኑ አልጋቸው አጠገብ ተጭነው ነርስ የሚጠሩበት ደወልም በየቤቱ ባለው አንድ ራውተር፣ ኔትወርኩን በሚያገናኘው ሣጥን፣ በኩል ነው የሚያልፈው። የኔ ሥራ ስክሪፕት መጻፍ ነው። ሰው አሥራ አንዱ ራውተር ውስጥ እየገባ ያንኑ ትእዛዝ አሥራ አንድ ጊዜ ከሚጽፍ፣ ትእዛዞቹን አንዴ በዝርዝር ታስቀምጣላችሁ፤ ኮምፒውተሩ እየዞረ መስመር በመስመር ያስገባቸዋል። የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ደንበኛ ጋ ማስኬድ ስለማይፈቀድለት፣ እኔ እጽፋለሁ፣ ባልደረባዬ ዮርግ በራሱ ስም ያስኬደዋል። ዮርግ ጡረታው ሁለት ዓመት የቀረው፣ ትንሽ የሚናገር፣ በጣም ጠንቃቃ ሰው ነው።

የዮርግ ሕግ አንድ ናት። ሩቅ ያለ ራውተር ከመንካትህ በፊት "በአሥር ደቂቃ ውስጥ ካልከለከልኩህ ራስህን አጥፍተህ ተነሣ" ብለህ ታዝዘዋለህ። ተሳስተህ የምትገባበትን የኔትወርክ መንገድ ብትቆርጠው እንኳ፣ ራውተሩ ሲነሣ ያልተቀመጠውን ለውጥ ሁሉ ረስቶ በድሮው መልኩ ይመለሳል። ያልተቀመጠውን፣ ልብ በሉ።

እኔ የተማርኩት ሌላ ሕግ ነው። ደብረ ብርሃን ኮሌጅ ውስጥ ስሠራ አለቃዬ ጋሽ በቀለ ከኋላዬ ቆመው "ጻፍሽ? አስቀምጪ። ደግሞ ጻፍሽ? አስቀምጪ" ይሉኝ ነበር። መብራቱ ሳይናገር ነው የሚሄደው። አንድ ሰዓት ሙሉ የጻፍኩት ሁለቴ ከጠፋብኝ በኋላ እጄ ሳያማክረኝ ያስቀምጥ ጀመር። ጀርመን አገር የጻፍኩት ስክሪፕት ውስጥም ከእያንዳንዱ ትእዛዝ ሥር ያቺን የማስቀመጫ መስመር ደርድሬያታለሁ። ዮርግ ስክሪፕቱን አላነበበውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አንብቦታል፤ ግን አምኖኝ ነው ያነበበው።

ሥራው የየቤቱን የድሮ የኔትወርክ መንገድ አጥፍቶ አዲስ መክፈት ነበር፤ ማክሰኞ ከምሳ በኋላ አስኬደው። ስድስቱ ቤቶች ያለ ችግር አለፉ። ሰባተኛው ላይ ግንኙነቱ ተቋረጠ። ዮርግ ሰዓቱን አየና "አሥር ደቂቃ ነው፣ ራሱ ይነሣል" አለኝ። አሥር ሞላ፣ አሥራ አምስት ሞላ፣ አልተመለሰም። ወዲያው አንዲት ነርስ በሞባይሏ ደወለች። ደወሎቹ አይሠሩም፣ በየክፍሉ እየሮጥን ነው፣ ስንት ሰው እንዳለን ታውቃላችሁ ትላለች። ዮርግ የመኪና ቁልፉን አንሥቶ ወጣ። መንገዱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ደርሶ እስኪያስተካክለው ሦስት ሰዓት አለፈ። በዚያ መሐል አንዲት አሮጊት ደወሉን ተጭነው ተጭነው የሚመጣላቸው ሲያጡ ብቻቸውን ሊነሡ ሞከሩ። ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቅም፤ በጸሎቴ "እኒያ እናት" እላቸዋለሁ።

በማግስቱ ኃላፊያችን ፍራው (ወይዘሮ) ሊንደማን ሁለታችንንም ጠራችን።

"ዮርግ፣ የአሥር ደቂቃውን ትእዛዝ አልሰጠህም።"

"ሰጥቻለሁ።"

"ብትሰጥማ ኖሮ ይመለስ ነበር።"

"ምናልባት ረስቼው ይሆናል" አለ ዮርግ። ድምፁ የሱ አልመሰለኝም።

ምሳ አልበላሁም። ራውተሩ የሠራውን ሁሉ በየደቂቃው ይመዘግባልና መዝገቡን አውጥቼ አነበብኩ። ልክ በአሥረኛው ደቂቃ ራሱን አጥፍቶ ተነሥቷል። ዮርግ አልረሳም! ታዲያ ለምን አልተመለሰም? መስመር በመስመር ስከታተል አገኘሁት። ያ ሰባተኛው ራውተር ብቻ አዲስ ሶፍትዌር ተጭኖለት ነበር፤ አዲሱ ሶፍትዌር ደግሞ የድሮውን መንገድ ከማጥፋቱ በፊት "እርግጠኛ ነህ?" ብሎ ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። የኔ ስክሪፕት መልስ አይጠብቅም፣ መስመሮቹን በአንዴ ያፈሳል። የመጀመሪያውን የማስቀመጫ መስመርና አዲሱን መንገድ የሚከፍተውን ትእዛዝ ራውተሩ ለሁለቱ ጥያቄዎች መልስ አድርጎ ዋጣቸው። የድሮው መንገድ ጠፋ፣ አዲሱ አልተከፈተም፤ ቀጥሎ የመጣው መስመር ሁለተኛው "አስቀምጥ" ነበር። አስቀመጠ። ሲነሣም መንገዱ እንደተቆረጠ ተነሣ።

ያቺን መስመር የጻፍኳት እኔ ነኝ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ስክሪፕቱ ያለው የኔ ኮምፒውተር ላይ ነው፤ ይህን ያወቅኩትም እኔ ብቻ ነኝ። ዋሽቼ አልጽፍላችሁም፣ የማስቀመጫ መስመሮቹን ከስክሪፕቱ አጠፋኋቸው። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ሶስናን ከአውሮፕላን ስቀበላት እያየሁ ነው ያጠፋሁት።

ከዚያ ውሃ ልጠጣ ወደ ማብሰያው ክፍል ሄድኩ። ዮርግ ብቻውን ተቀምጦ በትንሽ ደብተር ላይ በማስመሪያ መስመር ያሰምራል።

"ምንድን ነው?" አልኩት።

"ከእንግዲህ ትእዛዙን ስሰጥ ሰዓቱን እዚህ እጽፋለሁ" አለኝ። "አባቴም እንዲህ ነበር የጀመረው። መርሳት።"

ተመልሼ መስመሮቹን ባሉበት ተካሁ። የራውተሩን መዝገብ አትሜ ፍራው ሊንደማን ቢሮ ገባሁ። ያጠፋሁትንም የመለስኩትንም ነገርኳት።

"ለምንድን ነው ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ የሚያስቀምጡት?" አለችኝ።

"አገሬ መብራት ይጠፋል።"

"እዚህ አይጠፋም እኮ።"

"አውቃለሁ። እጄ ነው ያላወቀው።"

ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። "ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ" አለች። "ግን የሰው እጅ ተሰብሯል። ውልዎን እንደገና ማሰብ አለብኝ። በወሩ መጨረሻ አሳውቅዎታለሁ።" ዮርግ በማግስቱ ጠዋት ኮቱን ሳያወልቅ ጠረጴዛዬ ድረስ መጥቶ ጨበጠኝ። በቋንቋቸው ለምስጋና "ዳንከ" ብቻ ብሎ ሄደ።

እሑድ ወደ ቤት ደወልኩ። ለተፈራ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም።

"ማን ጠየቀሽ?" አለኝ።

"ማንም አልጠየቀኝም።"

"ታዲያ ዝም ብትይ ምን ነበረበት?"

"ሰውየው ራሱን መጠራጠር ጀምሮ ነበር፣ ተፈራ።"

"እኛስ? እኔና ልጅሽስ?"

ክፉ ሳይናገረኝ ስልኩን ለሶስና ሰጣት።

"እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?"

"ጠይቂኝ የኔ እናት።"

"አባዬ ለአውሮፕላን ብሎ የገዛልኝ ቀሚስ አለ አይደል? ሳልለብሰው ሻንጣው ውስጥ ነው ያለው። ዛሬ ስለካው አጠረኝ። ልልበሰው ወይስ አውሮፕላኑን ልጠብቅ?"

"ልበሺው" አልኳት።