የንግሥቲቱ መልእክተኛ በፌርፋክስ

ዓርብ ንጋት፣ ሚኒያፖሊስ

ከቤት የወጣሁት ጎህ ሳይቀድ ነው። የመኪናዬ በር በበረዶ ተጣብቆ ስታገል ጣቶቼ ደነዘዙ። እንደ ፈረንጆቹ 2016 ከገባ ገና ሳምንታት ናቸው፤ ብርዱ ግን ዓመት የከረመ ይመስላል። በክንዴ አዲስ ወፍራም ካፖርት ይዣለሁ፤ ለእኔ አይደለም። የድሮ የሒሳብ አስተማሪዬን ጋሼ መኮንንን ከሎስ አንጀለስ ላመጣ ነው የምሄደው። የሐበሻ ማኅበራችን ለልጆች የቅዳሜ ማለዳ ትምህርት ቤት ሊከፍት አስቦ አስተማሪ አጣ። በስልክ ስለምናቸው፣ "እናንተ ካላችሁ እኔ ምን እላለሁ" አሉኝ። እኔም አላደርኩም፤ እሺ ብለዋል ብዬ ለወላጆቹ ሁሉ አወጅኩ። አሁን ባዶ እጄን ብመለስ መግቢያ የለኝም።

ረፋድ፣ ኢንግልዉድ

ሎስ አንጀለስ ኤርፖርት የተቀበለችኝ የጋሼ የእህት ልጅ ሰላም ናት፤ ኢንግልዉድ ውስጥ አብረው ነው የሚኖሩት። ዘንባባ፣ ጎማ ቤት፣ ዶናት ቤት፣ ደግሞ ዘንባባ። ፀሐዩ ሹራቤን አስወለቀኝ። ሰላም መሪውን ጨብጣ መንገዱን ብቻ ታያለች። ደህና ናቸው ወይ ብላት፣ ራሱ ይንገርህ አለችኝ። ነገሩ ከዚያ ጀምሮ አላማረኝም።

ጋሼ ትራስ ተደግፈው አልጋ ውስጥ እያነበቡ አገኘኋቸው። ያኔ ሲያስተምሩንም፣ ክፍል በሌላቸው ቀን ረፋድ ላይ ከአልጋ መውጣት አይወዱም ነበር። ካፖርቱን ሰጠኋቸው። በዚያ ሙቀት እስከ አንገታቸው ቆልፈው ለበሱት፤ ላብ በግንባራቸው እየወረደ "ይሞቃል፤ እግዜር ይስጥህ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ጓዳ ይዘውት ገቡና ሻንጣቸውን ዘግተው ወጡ።

ቀትር፣ ፌርፋክስ

ስንብት ያለ ፌርፋክስ አይሆንም፤ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የሞላበት ጎዳና ነው። በምግብ ቤቱ በረንዳ ላይ ባለታክሲዎች ይከራከራሉ፤ የቅመም ሱቁ ሽታ መንገድ ተሻግሮ ይመጣል። ጋሼ ሚኒያፖሊስ ሊሄዱ ነው የሚለው ወሬ ቀድሞን ደርሷል። አንዷ በርበሬ ለእህቷ፣ ሌላው ሽሮ ለአበልጁ፣ ሁሉም አደራውን ያሸክማቸዋል። እሳቸው ለማንም እምቢ አይሉም።

ዓርብ ነውና በአሥራ አምስት ዶላር አንድ ትልቅ የጾም በያይነቱ ለሦስት አዘዝን። ጋሼ በጥቂቱ ቀምሰው ስለ "ፈረንሳዩ" አነሱ። ሁለት መስመር አቋርጠው የነጥብን ቦታ በቁጥር መናገርን ሲያስተምሩን፣ ዘዴውን ያፈለቀውን ፈላስፋ የምንጠራው እንዲያ ነበር።

በልጅነቱ ደካማ ስለነበር ተማሪ ቤት ሳለ ጠዋት እንዲተኛ ተፈቀደለት አሉ። ሲያድግም አልተወውም፤ ሐሳቡን የሚያስበው አልጋው ውስጥ ነው። ሆላንድ ውስጥ ተደብቆ በሰላም ሲኖር የስዊድን ወጣት ንግሥት ዝናውን ሰምታ መጥተህ አስተምረኝ አለችው። ሲያቅማማ፣ የባሕር ኃይል አዛዥ ከነመርከቡ ላከችበት። ወራት አመንትቶ በመጨረሻ ሄደ።

"ለምን እምቢ አላለም?" አልኳቸው።

"ንግሥት ናት፤ ሰው ልካለች። የተላከውስ ሰው ምን ብሎ ይመለስ?"

ይህን ብለው እያሳሉ ተነሡ፤ አደራውን ሻንጣ ውስጥ ሊከቱ ወደ መኪናው ሄዱ። ልርዳዎት ስል በእጃቸው መለሱኝ። ሰላም እስኪርቁ ጠብቃ ወደ እኔ ዞረች።

"አምና ሳምባውን ኒሞኒያ ይዞት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ዶክተሩ ኮልድ ቦታ እንዳትሄድ ብሎታል። ሶ፣ አንተ ካልተውከው እሱ አይቀርም።"

የጠቀለልኩትን እንጀራ ትሪው ላይ መለስኩት።

ከሰዓት፣ ወደ ኤርፖርት

መንገዱ ተዘግቷል። መኪናው ቆም፣ ፈቀቅ ይላል፤ ጋሼ ከፊት ተቀምጠው ያስላሉ። እኔ ከኋላ ሆኜ የወላጆቹን ፊት በሐሳቤ አንድ በአንድ አያለሁ። ባዶ እጄን ስገባ ቢያሳፍሩኝስ? ደግሞ እኚህ ሰውዬ እዚያ ቢሞቱብኝስ? በመጨረሻ፣ ፈረንሳዩስ እንዴት ሆነ አልኩ።

"ንግሥቲቱ ማልዳ መማር ትወዳለች። በዚያ ቁር፣ ከሌሊቱ በዐሥራ አንድ ሰዓት ቤተ መጻሕፍቷ ይጠብቃት ጀመር። ክረምቱን አልጨረሰም፤ ሳምባው ተመትቶ ሞተ።"

"ንግሥቲቱስ?"

"ክፉ ሰው አልነበረችም። መማር ነው የፈለገችው።"

ዞረው እንኳ አላዩኝም። ፈራሁ፤ አፈርኩም። ሰላም ተርሚናሉ በር ላይ ስታቆም ቀድሜ ወረድኩና የእሳቸውን በር ይዤ ቆምኩ።

"ጋሼ፣ ማስተማሪያ ቤቱ አልደረሰልንም። ሳልነግርዎት እዚህ ደረስኩ። ይቅር ይበሉኝ፣ አይምጡ።"

እንደተቀየመ ሰው ፊታቸውን አጠቆሩ።

"ካልደረሰማ ምን ይደረጋል" አሉ። "የሰው አደራ አለበትና ሻንጣውን አንተ ውሰደው።"

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ይዘው አቀፉኝ፤ ቶሎም አልለቀቁኝም። ሰላም ወደ መስኮቱ ዞራ ዓይኗን ትጠርጋለች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ቤቴ

ስልኬ ከነጋ ጀምሮ አላረፈም። ጋሼ መጡ ወይ ላለኝ ሁሉ፣ ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ አልኩ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ አንዱ ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ። ይሁን።

ከዚያ አደራውን ላድል ሻንጣውን ከፈትኩ። በርበሬውን አወጣሁ፤ ሽሮውን አወጣሁ። ከታች፣ ገና ከቤታቸው ሳንወጣ የገባው፣ የሰጠኋቸው ካፖርት በሥርዓት ታጥፎ ተቀምጧል። የጋሼ የሆነ አንድ ካልሲ እንኳ አልነበረበትም።