ፉታሊ እስከ አፉ የሞላችው ፋኖስ

ሸርፓ በሚባሉት የተራራ ሰዎች አገር፣ ላርዛ በምትባለው መንደር፣ አየሩ ከመሳሳቱ የተነሳ ክብሪት እንኳ ተለምኖ ነው የሚነደው። ጠዋት የተጣደ ድንች ማታ ጥርስ ይሰብራል። ፋኖስማ አይነሳ፤ ቆላ ሳለ እንደ ሙሽራ ሲያበራ የኖረው፣ ላርዛ ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ጥላሸት ይተፋል። የላርዛ ሰው ፊት ግማሹ ቆዳ ግማሹ ጥላሸት ነው፤ የቱ የቱ እንደሆነ ባለቤቱም አይለየውም።

የፉታሊ ቤት ብቻ ከዚህ ነፃ ነበር። ባሏ ግያልዘን ክሩን ዝቅ አድርጎ፣ በብርጭቆው አናት የቆርቆሮ ቱቦ ሰክቶ፣ ነበልባሉ አየር እንዲስብ አድርጎላታል። ፋኖሱ ባርኔጣ ያጠለቀ ሹም መሰለ። ጎረቤቱ ሁሉ ሲገባ «ጤና ይስጥልኝ፣ ክቡርነትዎ» እያለ እጅ ይነሳው ነበር።

ግያልዘን ላምባ ሊያመጣ ወርዶ ሲመለስ፣ የተራራው መተላለፊያ ላይ በረዶ ተናደበትና ሞተ። ፉታሊ አላለቀሰችም። ውሃ ቀዳች፤ ቤት ጠረገች፤ «አይዞሽ» ሲሏት፣ ዕቃ ያቀበሏት ይመስል «እሺ» ብላ ተቀበለች።

በላርዛ ወግ የሟች መብራት የቅቤ ነው። እፍ ተብሎ አይጠፋም፤ የሰው ትንፋሽ ያረክሰዋል። ቅቤው አልቆ በራሱ ጊዜ ሲከስም ነው ነፍስ መንገዷን የምትይዘው፤ እስከዚያ ለቀስተኛው ንቅንቅ አይልም። ዘንድሮ ግን ያክ የሚባሉት ጠጉራም የተራራ ላሞች ነጥፈው ቅቤ ጠፋ። የመንደሩ መነኩሴ ላማ ንጋዋንግ ጢማቸውን አሻሽተው «ላምባም ብርሃን ነው» ሲሉ ፈቀዱ።

ፉታሊም ፋኖሱን ጸሎት በሚደረስበት ግድግዳ ስር አስቀምጣ ላምባ ሞላችበት። እስከ አፉ።

የቅቤ መብራት ቢበዛ ጸሎቱ ሲያልቅ ያልቃል። እዚህ ግን ጸሎቱ አለቀ፣ ጠላው አለቀ፣ ስለ ሟቹ የሚወራው ደግ ነገር አለቀ፤ ቀስ ብሎ ክፉ ክፉውም ተነስቶ አለቀ። ፋኖሱ ቀጥ ብሎ ይነዳል። ለቀስተኛው እዚያው ተኝቶ እዚያው ነቃ። ያኮቹ ደጅ መጥተው ባለቤቶቻቸውን መጠየቅ ጀመሩ።

የግያልዘን እህት ያንግዚን ትዕግሥቷ ተሟጠጠ። «አንቺ ሴትዮ፣ በርሜል ነው እንዴ የለኮስሽው?»

«ሞላሁት።»

«መሙላትሽንማ እያየን ነው። ለምን?»

«እሱ ሁልጊዜ ይሞላው ነበር።»

ያንግዚን ወደ ላማው ዞረች። «አባቴ፣ የተከለከለው እፍ ማለት ነው። ክሩን ዝቅ ማድረግ ምን አለበት? ጣት አይተነፍስ።»

«ይጠበቅ ካላችሁ እኔም እሞትላችኋለሁ» አሉ ጥግ የተቀመጡ ሽማግሌ። «ያኔ የኔንም መብራት ልትሞላው ነው።»

የላማው ሆድ ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ጮኸ። «እውነት ነው፣ ጣት አይተነፍስም» አሉ። «ግን የምታሰናብተው ሚስቱ ናት። ፉታሊ ልጄ፣ ካልሽ አዙሪው። ካላልሽ ይተዋል።»

ፉታሊ ተነስታ ማዞሪያውን ያዘች። ብረቱ ግሏል፤ ጣቷ ግን ዘግይቶ ነው የሰማው። አንዴ ብታዞረው ሁሉም ይሄዳል። እሱም ይሄዳል። ውስጧን ብትፈትሽ ኀዘንም እምቢታም አላገኘችም፤ ጓዙ ወጥቶ ያለቀ ቤት ነው።

«እሱን ማንም አጣድፎት አያውቅም» አለችና እጇን መለሰች። «እናንተ ሂዱ። እኔ እጠብቃለሁ።»

«ወጉስ?» አለች ያንግዚን።

ላማው ጫማቸውን አጥልቀው ጨርሰዋል። «ወጉን እኔ ይዤው እሄዳለሁ» አሉና ወጡ። ሌላውም ተግተልትሎ ወጣ፤ በር ላይ መጋፋቱ የገበያ ቀን ይመስል ነበር።

ያንግዚን ደጃፍ ደርሳ ተመለሰች። «ምን ታዪኛለሽ፤ ወንድሜም አይደል» ብላ ከጎኗ ተቀመጠች።

ፀሐይ መስኮቱን ስታልፍ ነበልባሉ አነሰ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። ያንግዚን ጮክ ብላ አለቀሰች። ፉታሊ ሌላ መንደር ላይ የሚዘንብ ዝናብ እንደሚታይ አየቻት። የራሷንም እንባ ጠበቀች። አልመጣም።

ሁለት መዳፏን በብርጭቆው ላይ አሳርፋ እስኪበርድ ያዘችው።

«ሻይ ልጣድልሽ?» አለቻት ያንግዚንን።