ባለሚዛኑ ያመሰገነ ዕለት

መጀመሪያ ያየሁት ዓይኑን ነው። ለምሳ ከጋራዥ መጥቶ በር ላይ እጁን ሲታጠብ ሳሙና አቀብዪኝ ብሎ ቀና አለ፤ የዓይኑ ነጭ ቢጫ ሆኗል። «ለማ፣ ዓይንህ ምን ሆኗል?» ስለው «ቤንዚን ፈንጥቆበት ይሆናላ» አለኝና ገብቶ ተቀመጠ። ምሳውን ግን አልጨረሰም። ከሁለት ቀን በኋላ ሽንቱ ወፍራም ሻይ መሰለ፣ ሰገራው ነጣ፣ ከዚያ ማሳከኩ መጣ፤ ክንዱንና እግሩን እስኪደማ ያክ ነበር። የሚያመው ነገር ግን አልነበረም። ስላላመመው ናቅነው። ይህን ልብ በሉልኝ።

ባለቤቴ ለማ ወሰን አካባቢ ካለ ጋራዥ ፍሬን ሠሪ ነበር። በምሳ ዕረፍቱ ደግሞ ግጥም ይጽፋል፣ በመለዋወጫ ካርቶን ጀርባ ላይ፣ በዚያ ግራሶ በጠገበ እጁ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በጽሕፈት ሥራ የኖርኩ ነኝና እተይብለትና ልጃችን ከማግባቷ በፊት በከፈተችለት በዚህ ብሎግ አወጣለታለሁ። «የምሳ ሰዓት» የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። የድሮ አንባቢዎች ታውቁታላችሁ። ይህን የምጽፈው ግን የበለጠ ለአዲሶቹ ነው፤ ቤታችሁ ይህ በሽታ ገብቶ፣ ስሙን በስልካችሁ ስትፈልጉ እዚህ ለደረሳችሁት።

እኔ ግጥም አልወድም፤ ከአሁኑ ይታወቅልኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ጭብጨባ አይበላ፣ አይጠጣ!» እለው ነበር። አስተያየታችሁንም የምነግረው እኔ ነኝ፤ የእሱ ስልክ ኢንተርኔት የሌለው ባለ ቁልፍ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ተቀምጬ አነብለታለሁ፣ እሱ ጣሪያውን እያየ ይሰማል። ከሁሉም የሚጠብቀው የአንዱን ነው። እውነተኛ ስሙን እስከ ዛሬ አናውቅም፤ «ባለሚዛኑ» እያለ ነው የሚጽፈው። ሰውየው አመስግኖ አያውቅም። «ሁለተኛው ስንኝ አንድ ቀለም ተርፎታል።» «እዚህ ጋ ቤት አልመታም።» ይኸው ነው፣ ሰላምታ እንኳ የለውም። እኔ ቆሽቴ ያርራል። «ይሄ ሰው ሥራ የለውም እንዴ?» ስል ለማ ይስቃል። «ተይው ጽጌ፣ ከልቡ የሚያነበኝ እሱ ብቻ ነው» ይለኛል።

ጎረቤት ሁሉ ዓይኑን አይቶ የወፍ በሽታ ነው አለ። የለማ ታላቅ ወንድም ጋሽ በቀለ የካ ሚካኤል ሥር ድረስ ሄደው መድኃኒት ከሚያውቅ ሰው ቅጠል አስቀጥቅጠው አመጡለት። ሦስት ሳምንት ጠጣ። ሦስት ሳምንት ከሳ። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ ሳየው ነው እጁን ይዤ ወደ ሐኪም የወሰድኩት።

ደም ተመረመረ፤ ቢሊሩቢኑ፣ ያ ዓይን ቢጫ የሚያደርገው ነገር፣ በጣም ከፍ ብሏል ተባለ። አልትራሳውንድ ተነሣ። ከዚያ ሲቲ ስካን። ዶክተሩ ወጣት ነው፣ ድምፁ ቀስ ያለ። ለማን ውጭ አስቀምጠን እኔና ጋሽ በቀለ ገባን።

«ቆሽታቸው ራስ ላይ ዕጢ አለ» አለ። «ካንሰር ነው። ጉበት ላይ ደርሷል።»

ኦፕሬሽን አልኩት።

«አይቻልም።»

ስንት ጊዜ አለው አልኩት።

«ወራት» አለ። ቀጥሎ የተናገረውን ዛሬም ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «ለእሳቸው እኔው ልንገራቸው። ኬሞቴራፒ መሞከር እንችላለን። አያድናቸውም፣ ትንሽ ጊዜ ሊሰጣቸው ይችል ይሆናል። ግን የሚመርጡት እሳቸው ናቸው።»

ጋሽ በቀለ ከወንበራቸው ተነሡ። «በሞቴ ዶክተር! እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛ ይነገራል እንዴ? ወንድሜን በቃል ልትገድሉት ነው?» እኛ የሞት መርዶ እንኳ ለማርዳት ዘመድ ሰብስበን ማለዳ የምንጠብቅ ሰዎች ነን፤ የገዛ ሞቱን ለሰው ማርዳት ከየት ይመጣል? ዶክተሩ ወደ እኔ ዞረ። ሚስቱ እኔ ነኛ። እኔም አይነገረው አልኩ።

የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነው።

በአፉ በኩል ኢአርሲፒ በሚባለው ዘዴ ገብተው የተዘጋውን የሐሞት ቱቦ የሚከፍት ስቴንት የሚባል ቧንቧ አደረጉለት። እኛም የሐሞት ጠጠር ነበር፣ ወጥቶልሃል፣ እግዚአብሔር ይመስገን አልነው። ከዚያ በኋላ የመጡትን አምስት ሳምንታት ሳስብ ነው እስከ ዛሬ እንቅልፍ የማጣው፤ ዓይኑ እየነጣ፣ ማሳከኩ እየተወው፣ ምግብ እየበላና እየቀለደ፣ በር ላይ ወንበር አውጥቶ ፀሐይ እየሞቀ የሚያልፈውን ሚኒባስ ሁሉ በድምፁ ብቻ «የዚህ የኋላ ፍሬን አልቋል» እያለ የሚመረምርበት፣ ያላወቀ ሰው ቢያየው ድኗል የሚለው ጊዜ ነበር።

በእነዚያ ሳምንታት የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንጦጦ ውሰዱኝ» አለን። የፍሬን ሸራ በለወጠ ቁጥር መኪናውን የሚሞክረው በእንጦጦ ቁልቁለት ነበር። ስንተጫጭ ሰሞን እኔንም ጭኖኝ እየጮህኩ ወርጃለሁ፤ «ወንበርሽን ያዢ፣ ሹፌሩ እኔ ነኝ!» እያለ ይስቅብኝ ነበር። ላይ ፓርኩ ከተሠራ ወዲህ አብረን ወጥተን አናውቅም። እንደገና በዚያ መንገድ፣ እሱ እየነዳ፣ ቁልቁል ልንወርድ ፈለገ። እኔ ምን አልኩት? «ስትድን። ዶክተሩ ዕረፍ ብሎሃል።» ዶክተሩ እንዲህ ያለ ነገር አላለም። ቢደክመውስ፣ ቢወድቅብኝስ ብዬ ከራሴ ያመጣሁት ነው። እሱም አምኖኝ ተኛ። ለመዳን ተኛ እኮ፣ ሰዎች!

ሁለተኛው ጥፋቴ እዚሁ ብሎግ ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ እሱ ሸለብ ሲያደርገው አንዳችሁ «ምነው ጠፋችሁ?» ብላችሁ ጻፋችሁ። ለሳምንታት ለማንም ያልተነፈስኩት ነገር ገነፈለብኝ። እዚያው ሥር መለስኩላችሁ፤ ለማ ካንሰር ይዞታል፣ አያውቅም፣ እባካችሁ አበረታቱልኝ፣ ግጥሙንም አታርሙበት። አነበባችሁ፣ አለቀሳችሁ፣ እንዳልኳችሁ አደረጋችሁ። ክፋት አልነበረባችሁም።

ከዚያ በድሮ ግጥሞቹ ሥር ሳይቀር ምስጋናው ጎረፈ። «ብዕርህ ይባረክ!» «እንዲህ ያለ ግጥም አንብቤ አላውቅም!» በመጀመሪያው ቅዳሜ ደስ አለው፣ አየሁት። በሁለተኛው ዝም ብሎ ሰማኝ። በሚቀጥለው ሰኞ ካርቶን ሰጠኝ፤ ተየብኩ፣ አወጣሁ። ቅዳሜ ሳነብለት መጨረሻ ላይ «ባለሚዛኑስ?» አለኝ።

«እሱም አመስግኖሃል። ግሩም ግጥም ነው ብሏል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «ጽጌ፣ እዚያ ግጥም ውስጥ ሦስት ስንኝ ሆን ብዬ ሰብሬያለሁ። አንዱ ጭራሽ ቤት አይመታም።» ከዚያ «ሲነጫነጭ የኖረ ደንበኛ ድንገት ምንም አይደል ካለሽ፣ መኪናዋን ሊሸጣት ነው» አለኝ። «ምን ብለሻቸው ነው?»

ነገርኩት።

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

«ስቴንቱን ሲያስገቡልኝ ታውቂ ነበር?»

«አዎ።»

«እንጦጦ ስልሽስ?»

«አዎ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሁለት ቀን አላናገረኝም። ጋሽ በቀለ ሲመጡ በልጅነት ቋንቋቸው በኦሮምኛ አናገራቸው፤ የእኔ ኦሮምኛ ጎዶሎ ነው፣ ግን «ማን ሥልጣን ሰጣችሁ?» የሚለውን ለይቻለሁ። እኒያ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕፃን እያለቀሱ ወጡ። እኔን በሦስተኛው ቀን አናገረኝ። «ስለ ኬሞው ቢጠይቁኝ ኖሮ እምቢ እል ነበር ይሆናል» አለኝ። «ግን እምቢ የምለው እኔ ነበርኩ።»

በዚያው ሳምንት አንቀጠቀጠው። ትኩሳት። ዓይኑ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ስቴንቱ ተዘግቶ ነው፣ ኢንፌክሽን ነው ተባለ። መድኃኒት በደም ሥሩ ሰጡት፣ ስቴንቱም ተቀየረ፣ ሰውነቱ ግን አልተመለሰም። ሆዱ ውኃ ቋጠረ። ዶክተሩ በዚህ ጊዜ በቀጥታ እሱን አናገረው። «ጋሽ ለማ፣ ኬሞቴራፒው አሁን ይጎዳዎታል እንጂ አይረዳዎትም።» ለማም «አመሰግናለሁ ልጄ» አለው። ከመካከላችን ዓይኑን በቀጥታ ያየው ያ ልጅ ብቻ ነበር።

እንጦጦን ሞከርን። የጋራዥ ጓደኛው መኪና አመጣ፤ ለማን ከኋላ አስተኛነው። ከሰፈራችን ሳንርቅ አስመለሰው፣ ሕመሙም ጠናበት። «መልሱኝ» አለ። መለስነው። ተራራው ከበራችን ላይ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ መጋረጃውን ዝጊልኝ ይለኝ ጀመር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጻፊ አለኝ። ካርቶን የሚይዝበት ጉልበት ስለሌለው በቃሉ ነው የነገረኝ። ከግጥሙ በላይም «አውቄያለሁ። አትዘኑልኝ፤ እንደ ድሮው አንብቡኝ» ብለሽ ጨምሪበት አለ። ግጥሙ ይህ ነበር፤

ሞተሩም ደከመ ሸራውም ተበላ፣
ቁልቁለቱ ረዝሟል ከእንጦጦ በኋላ።
አንቺ ግን አትፍሪ እኔ ነኝ ሹፌሩ፣
መንገዱ ሲያልቅ ያቆመናል ዳሩ።

ግጥም አልወድም ብያችኋለሁ። ይህን ስተይብ ግን ፊደሉ አልታይ አለኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። አብዛኞቻችሁ አልቅሳችሁ ነበር የጻፋችሁት፤ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ከዚያ የባለሚዛኑን አገኘሁት። ልዝለለው ብዬ አሰብኩ፤ በስንት መከራ ተምሬ እንኳ አሰብኩ! አልዘለልኩም። አነበብኩት።

«ጋሽ ለማ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያን ጊዜ ዋሽቼዎታለሁ። አራተኛው ስንኝ አንድ ቀለም ጎድሎታል።»

ዓይኑን ከፈተ። «የቱ ጋ?» ጣቱን አንሥቶ በአልጋ ልብሱ ላይ መቁጠር ጀመረ። «መን፣ ገ፣ ዱ፣ ሲ፣ ያልቅ… አምስት! ስድስት መሆን ነበረበት! ውይ! ጽጌ፣ ይሄን እኮ የምሬን አላየሁትም!» ሳቀ። ሆዱን እየያዘ ሳቀ። «ይሄ ክፉ! ልክ ነው እኮ!» ከስንት ጊዜ በኋላ የሰማሁት ሳቅ ነበር፤ ስቄም አልቅሼም አላውቅም እንደዚያ ቀን።

አራት ቀን በአንድ ቃል ላይ ሠራ። የሕመም ማስታገሻውን የሞርፊን ሽሮፕ ስሰጠው «ትንሽ አቆዪው፣ አሁን ያደነዝዘኛል» ይለኛል። የጎደለችውን አንዲት ቀለም ሲፈልግ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። በአራተኛው ቀን ጠራኝና «ሲያልቅ የሚለውን ሲጨረስ አድርጊው» አለኝ። «መንገዱ ሲጨረስ ያቆመናል ዳሩ። ቁጠሪ።» ቆጠርኩ። ስድስት። ራሱን ነቀነቀና ሽሮፑን ጠጣ።

አስተካክዬ አወጣሁት። የባለሚዛኑ መልስ በማግስቱ ሲመጣ ለማ ከጠዋት ጀምሮ አይናገርም ነበር። ዶክተሩን በስልክ ጠየቅኩት፤ «መስማት መጨረሻ ነው የሚሄደው ይባላል፣ ያናግሯቸው» አለኝ። ጆሮው ሥር ጎንበስ ብዬ አነበብኩለት። ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «አሁን ሞላ።»

ሰምቶኝ እንደሆነ አላውቅም። በማግስቱ ዐረፈ። የካ ሚካኤል ቀበርነው።

ለዚያ ወጣት ዶክተር፣ ለጋራዥ ጓደኞቹ፣ ዛሬም ሰላም ሲሉኝ አንገታቸውን ለሚደፉት ለጋሽ በቀለ፣ ለእናንተም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለባለሚዛኑ የምለው ቃል ግን አላገኘሁም። ማን እንደሆንክ ባላውቅም አራት ቀን ሥራ ሰጥተኸዋል፤ እኛ ሁላችን በሽተኛ ስናደርገው አንተ ገጣሚ አድርገህ ሸኘኸው።

አሁን በዚያ መንገድ ላይ ላላችሁ። ዓይን ቢጫ ሲሆን፣ ሽንት ሲጠቁር፣ ሕመም የለም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ቅጠል ስትቀጠቅጡ ጊዜ አይለፍባችሁ። ለማን ያድነው ነበር አልልም፣ አላውቅም። ስቴንት የገባለት ሰው ካንቀጠቀጠውና ካተኮሰው በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ውሰዱት። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝላችሁ። ለማሳከኩ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ትንሽ ያስታግሳል። ደህና ቀን ሲመጣ ደግሞ ያ ቀን የእሱ ነው። እንጦጦ ካለ እንጦጦ ውሰዱት። ስትድን አትበሉት። እኔ አስታመምኩ ብዬ አምስት ሳምንት ቀምቼዋለሁ፣ የምመልሰውም በምንም የለም። ንስሐ ገብቻለሁ፤ አልቀለለኝም።

ይህ በለማ ቦታ ላይ ከራሴ የጻፍኩት የመጀመሪያው ጽሑፍ ነው። ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ የሆነ ቦታ ጎዶሎ አለበት፣ እኔ ግን አይታየኝም። አይዞሽ አትበሉኝ። የጎደለውን ንገሩኝ።