ጆንያ መሪ አያዞርም

ባሌ ጎሚስታ ነው። ደንበኞቹ «ሚሊሜትር» ይሉታል፤ እኔ ስናደድ የምጠራበትን ስም ግን ሰው ፊት አልናገረውም። የእኔ የልብስ ስፌት ክፍልና የእሱ ጎማ ቤት የሚለያዩት በአንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ እሱ ሲጠራኝ ግድግዳው መኖሩም አይታወቅም።

«ነይማ!» ይላል። ለምሳ እንዳይመስላችሁ። አንዱ ጎማው የሚገጠምበትን ብረት፣ ቸርኬውን፣ ሊቀይር መኪና አምጥቷል፤ እኔ ደግሞ ክብደት እንድሆን ገብቼ ልቀመጥ ነው። ቀሚስ የምትለካ ደንበኛዬን መርፌ እንደሰካሁባት ትቼ እሄዳለሁ። ሾፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ እላለሁ፤ እሱ መሬት ላይ ተጋድሞ ጎማው የመኪናውን አካል ይነካ እንደሆነ በባትሪ ያያል። «ወደ ግራ፣ እስከ መጨረሻው!» አዞራለሁ። «ወደ ቀኝ!» አዞራለሁ። «እስቲ ነቅነቅ በይ» ይላል ደግሞ፣ መኪናው ዝቅ እንዲል። ሰው ተሰብስቦ ያያል። መወፈሬን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያወቀው በእሱ ነው።

«የብሎን ቀዳዳው ገጠመ ማለት ቸርኬው ልክ ነው ማለት አይደለም» የሚለውን ንግግሩን በእንቅልፍ ልቤም ልደግመው እችላለሁ። ቸርኬ ብሎን የሚታሰርበት ፊቱ ከመሃሉ ስንት ሚሊሜትር እንደራቀ የሚናገር፣ ከጀርባው የተቀረጸ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩ ከመኪናው ቸርኬ ካነሰ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ከበለጠ ወደ ውስጥ ይገባል። ሚሊሜትር ግን የተጻፈ ቁጥር መች ያምናል! ቸርኬውን በፊቱ ይደፋዋል፣ ቀጥ ያለ ጣውላ ያጋድምበታል፣ በሜትር ይለካል። ከዚያ እንደገና ይለካል። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ።

ታናሽ ወንድሜ ባለሁለት በር የስፖርት መኪና የገዛ ጊዜ ግን ነገሩ ቤታችን ገባ። ከጓደኛው አራት የሚያብረቀርቁ ቸርኬዎች ይዞ መጣ። በማግስቱ ጠዋት እናታችን ሌላ ከተማ የዓይን ቀዶ ሕክምና ነበራት፤ ቀጠሮውን አንድ ዓመት ሙሉ ጠብቃዋለች። ወንድሜ አሳምሮ ሊወስዳት ፈልጓል። በማታየው ቸርኬ!

ባሌ ለካ። የመኪናው አርባ አምስት፣ የአዲሱ ሃያ።

«ሃያ አምስት ሚሊሜትር ወደ ውጭ ይወጣል» አለ። አንድ ጣት ተኩል መሆኑ ነው።

«ጋሼ፣ ብሎኑ ገጥሟል እኮ! በቃ እሰረውና ማታ እወስደዋለሁ» አለ ወንድሜ፤ የእማዬን ሻንጣ ላዘጋጅ ብሎ ሄደ።

«ነይማ!»

ያን ቀን ማስረከብ ያለብኝ ስድስት ዩኒፎርም ነበር፤ የማሽኑም ክር እየተበጠሰ ደሜን አፍልቶታል። በሩ ላይ ወጥቼ ጮህኩበት። «አልመጣም! የእህል ጆንያ መሰልኩህ? ጆንያ አስቀምጥበት!»

ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ሳቁ። እሱ ሁለት ጆንያ አሸዋ ተሸክሞ ወንበሩ ላይ ሲጥል በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ኋላ እንደነገረኝ፣ በጎማውና ከላዩ ባለው ቆርቆሮ፣ በፓራፋንጎው፣ መሃል ጣቱን አስገብቶ አየ፤ አልነካም። «ወደ ግራ» የለ፣ «ወደ ቀኝ» የለ። እውነቱን ልናገር፣ ጸጥታው ደስ አለኝ። ማታ ወንድሜ መጥቶ መኪናውን ወሰደ።

በማግስቱ ገና ግማሽ መንገድ ሳይደርሱ፣ ወንድሜ ጉድጓድ ያለበት መታጠፊያ ላይ መሪውን ጠምዝዞ ሲያዞር፣ የፓራፋንጎው ጠርዝ የፊት ጎማውን ጎን ሸረከተው። ያ ጉደኛ መኪና ተቀያሪ ጎማ እንኳ አይዝም። የሚጭናቸው ሰው አግኝተው ሐኪም ቤት ሲደርሱ ተራዋ አልፏል። ቀጣዩ ቀጠሮ ከአምስት ወር በኋላ ነው ተባሉ።

እማዬ «ይሁን፣ ሰው አልተጎዳም» አለችና ግድግዳውን እየዳሰሰች ወደ ክፍሏ ገባች። እኔ ባሌ እስኪጮህብኝ ጠበቅሁ። አይጮህም!

«ምናለ ብትሰድበኝ!» አልኩት።

«ጆንያ መሪ አያዞርም» አለ መሬት መሬት እያየ። «መሪው ዞሮ ሳላየው፣ እያወቅሁ ነው የሰጠሁት። ተናድጄብሽ ነበር።»

ምን ይባላል? የተናደድነው እኔና እሱ፣ የከፈለችው እናቴ። አምስት ወር ሙሉ ስፌት ቤቴ እየተቀመጠች የልብስ ቁልፎችን በጣቷ ለየችልኝ። «ይሄ ጥቁር ነው?» ትለኛለች። ነጭ ነው። «አዎ እማዬ» እላታለሁ፤ ማታ እኔው መልሼ እለየዋለሁ።

ቀጠሮው ሲደርስ ወንድሜ የመኪናውን የራሱን ቸርኬዎች አስሮ መጣ። እማዬን ከፊት አስቀመጥናት። ወንድሜ የመኪናውን ቁልፍ ሊያስገባ ሲል በሩን ከፈትኩና «ውረድ» አልኩት።

«እትዬ፣ የፋብሪካው ቸርኬ ነው እኮ! ምን ይነካል?»

«ውረድ ብዬሃለሁ!»

የጠራኝ የለም። ሾፌሩ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። ባሌ አንዴ አየኝ፤ ከዚያ ባትሪውን ይዞ መሬት ላይ ተጋደመ። መሪውን ወደ ግራ እስከ መጨረሻው አዞርኩ፤ ሳይለኝም ነቅነቅ አልኩለት። ወንድሜ ሰዓቱን እያየ ይቁነጠነጣል።

«ረፈደብን እኮ!» አለ። «እማዬ፣ ምናለ ብትነግሪያቸው!»

እማዬ ፊቷን ወደ እኔ አዞረች፤ እጇን ዘርግታ መሪው ላይ እጄን ፈልጋ አገኘችው።

«ጨረሳችሁ ልጄ?»

«አልጨረስንም እማዬ» አልኳት። «ቀኙ ይቀራል።»